ለፍም የሄደው ማረሻ

ይህን ነገር ያወረደችልኝ ሸጊቱ ናት። ሸጊቱ ማለት ከቤቴ ጀርባ ያለችው፣ ዶሮዋ እኔ ጓሮ እየጣለች በእንቁላሉ የምንጣላው፣ እሷ ናት። እሷም ያገኘችው ከአያቷ ከአስካል ነው። አስካል ደግሞ የመለከት ነፊው ሚስት ነበረች፤ በነገሩ ውስጥ እጇ አለበት፣ ከእጇም ይልቅ ምላሷ። ሸጊቱ አያቷን ሳትምር ነው ያጫወተችኝ። እኔም እንደሰማሁት አወርደዋለሁ፤ ጨው ያነሰው ሲመስለኝ ብቻ ጣል አደርግበታለሁ።

አገሪቱ ስም ነበራት። "ስሙን ብነግርሽ ታውቂዋለሽ፤ ካወቅሽው ደግሞ መሳደብ ትጀምሪያለሽ" ብላ ሸጊቱ ደብቃኛለች። ብቻ ደጋ ነው። ብርዱ አጥንት የሚቆረጥም፣ ጠዋት ሲነጋ የሣር ክዳኑ ሁሉ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኖ የሚታይበት አገር። ፊት ለፊቱ ገደል አለ። ከገደሉ ወዲያ ያለውን አገር ማዶ ይሉታል። ማዶ አንድ ተራራ አለ፤ ወገቡ ላይ ተሰንጥቆ ከስንጥቁ እሳት ይወጣል። እንጨት አይጠይቅ፣ ጭስ የለው፣ ዝናብ አያጠፋው፤ ከምድር ሆድ እየወጣ ዝም ብሎ ይነዳል።

እና በዚያች አገር እሳት የሚመጣው ከማዶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ተሸካሚዎች በማሰሮ ፍም ይዘው የገደሉን ድልድይ ይሻገራሉ። ፍሙ ቤተ ፍም በሚባለው የእሳት ሹም ቤት ደጅ ላይ ይወርዳል። ሰው ገሉን ይዞ ይሰለፋል፤ አጋፋሪ ቢሻው የሚባለው ሰው በረጅም ጉጠት እያነሳ፣ "አንድ ለእናት፣ አንድ ለአባት፣ ለሦስት ልጅ አንድ" እያለ ያድላል። ለሹማምንቱ ቤት ጉጠት አይበቃም፤ በአካፋ ነበር።

ማታ ፀሐይ ስትገባ መለከት ይነፋል። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ውሃ አንስቶ ምድጃው ላይ ይደፋል። እንዲህ ነው ውሉ፦ የተሸጠ ፍም ዕድሜው አንድ ቀን ነው፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ ፍሙ ተመልሶ የማዶ ነው፤ ያሳደረ ሰው ሌባ ነው። ውሉን ያነበበ ሰው ከሞተ ስንት ዘመኑ! ልማዱ ግን ውል መሆኑ ቀርቶ ጨዋነት ሆነ። ሴት ልትዳር ስትል "እሳት ታሳድራለች እንዴ?" ተብሎ ይጠየቅ ነበር። ከዚህ የከፋ ስድብ አልነበራቸውም። እስቲ አሁን ይኸ ምኑ ያሰድባል? ግን አገር ካለው አለው ነው።

ዋጋው ብረት ነው። ማዶዎች እሳት አላቸው፣ ብረት የላቸውም። እነዚህ ብረት አላቸው፣ እሳት የላቸውም። በየወሩ መባቻ ሰው ያረጀ ዶማውን፣ የዛገ ማጭዱን ደጅ ላይ ይጥላል፣ ተሸካሚዎቹም ባዶ ማሰሯቸው ውስጥ ከተው ይሄዳሉ። "ተዛዝሎ መኖር ይሉሃል ይኸ ነው" ይሉ ነበር አዛዥ ደምለው፣ የቤተ ፍሙ ሹም። ከአያታቸው የወረሱት ሹመት ነው። አያትየው ደግሞ በዘመናቸው "ጥቁር ድንጋይ በሰው ደጅ አይገኝ" ብለው አዋጅ አስነግረው፣ የአገሩን ባልጩት ሁሉ አስለቅመው ቤተ ፍምን የሠሩበት ሰው ናቸው። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ግድግዳው ጥቁር መስታወት ይመስል ያምር ነበር። ብረት ይዞ ወደዚያ ቤት መግባትም ክልክል ነው፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን አልቀረም።

ሌላ ዘዴ ያልተሞከረ እንዳይመስላችሁ። አንድ ሹም "ፀሐይን በማሰሮ እናጥምድ" ብሎ ሰባት ዓመት ሙሉ አርባ ማሰሮ ደጅ ላይ ሲያሰጣ ኖሯል። ማታ ማታ ክዳኑን ይከድናሉ፣ ጠዋት ይከፍታሉ፤ የሚወጣው ብርድ ነው። ሰውዬው ግን በማሰሮው ተሹሞ፣ በማሰሮው ተሸልሞ፣ በማሰሮው ጡረታ ወጣ።

እንዲህ እያሉ ሲኖሩ ጦርነት ተነሳ። ከማን ጋር? ከማዶ ጋር ነዋ! በምን እንደተነሳ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት አይናገርም፤ በግጦሽ ነው የሚል አለ፣ በድንበር ድንጋይ ነው የሚል አለ። የሆነው ሆኖ ሥርዓት ነበረው። ፍም ተሸካሚ ድልድዩን እስኪሻገር ጦር አይወረወርም። ወታደሩ ግራና ቀኝ ቆሞ፣ ራሱን ገልጦ፣ ማሰሮውን ያሳልፋል። ማሰሮው ካለፈ በኋላ መወራወር ነው። ተሸካሚው ብረቱን ተሸክሞ ሲመለስም መንገድ ይለቀቅለታል። የጠዋቱ ነጋዴ የቀትሩ ጠላት ነው።

ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ጥጥ እየፈተለች የምትኖር፣ ብዙ የማትናገር፤ ከተናገረች ግን የማትመልሰው። አንድ ልጅ አላት፣ ይርዳው፤ እሱም ድልድዩ ላይ ዘማች ነው። አስካል ጎረቤቷ ናት፣ ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ።

ጦርነቱ በጠና በአራተኛው ወር ሸንጎው አፈረና አዋጅ አስነገረ። ነጋሪት ተጎሰመ፦ "ከእንግዲህ ከጠላት ፍም አንገዛም!" ሰው እልል አለ፣ ትርንጎም እልል አለች። በነጋታው ጠዋት ገሏን ይዛ "እንዴት ሊሆን ነው?" ብላ ብትወጣ፣ ያው ማሰሮ፣ ያው ፍም ደጁ ላይ ተደርድሯል። ማሰሮው ብቻ ነጭ አፈር ተቀብቷል። "የአማች አገር ፍም ነው" አለ አጋፋሪ ቢሻው። አማች አገር ማለት በገደሉ ታች በኩል ዞሮ የሚደረስበት፣ ከሁለቱም ጋር የተጋባ ትንሽ አገር ነው። ፍም ሲወጣበት ግን ታይቶም ተሰምቶም አያውቅም።

ትርንጎ ከተሸካሚዎቹ አንዱን አየችው። እግሩ ሸፋፋ ነው፤ በየጠዋቱ የምታየው ሰው።

"አንተ፣ ትናንት የማዶ ሰው አልነበርክም?" አለችው።

"ትናንት ነበርኩ እሜቴ። ዛሬ አማች ነኝ።"

"እግርህስ? እንደዚያ እንደ ማዶው ሰው ያነክሳል እኮ።"

"መንገዱ ረዘመብኝ፣ ምን ላድርግ" አለና ማሰሮውን አወረደ።

መንገዱ ስለረዘመ ዋጋውም ጨመረ። ያረጀ ብረት ቀርቶ ደህና ብረት ተጠየቀ። ትርንጎ ቤት የቀረው ደህና ብረት የባሏ ማረሻ ነበር። ባልየው ተጠራጣሪ ሰው ነበር፤ ጎረቤት ተውሶ "የኔ ነው" እንዳይል በማረሻው ወፍራም ጫፍ ላይ ሦስት ነጥብና አንድ ጭረት በመሮ መትቶበታል። ልጅ ዘምቷል፣ የሚያርስ የለም፣ ብርዱ ደግሞ እየገባ ነው። አውጥታ ሰጠች። አጋፋሪው ማረሻውን በጥፍሩ ጠቁሞ "ይኸ እንኳ ብረት ነው!" አላት፤ ሦስት ፍም ጨመረላት። ያን ቀን ቤቷ ሞቆ ዋለ።

ወር ተኩል ቆይቶ፣ ውርጩ በበረታበት ሰሞን፣ ይርዳውን በቃሬዛ አመጡት። ግራ ጭኑ ላይ ጦር ተሰክቷል። ዘንጉ ተሰብሮ ወድቋል፣ ብረቱ ሥጋ ውስጥ ነው። ወጌሻው መጣ፣ ሁለት ሰው ያዘው፣ ብረቱን ነቅሎ አወጣና ለትርንጎ አቀበላት። እሷም ደሙን በውሃ አጠበችው።

አጥባ ስታበቃ ገልብጣ ግርጌውን አየች።

አስካል ለመርዳትም ለማየትም መጥታ በር ላይ ቆማ ነበር። "አንቺ፣ ምን አየሽ?"

"ማረሻችንን።"

"የቱን ማረሻ?"

"ለፍም የሰጠሁትን። ይኸው ወደ ቤቱ መጣ።"

አስካል ጠጋ ብላ አየች። የማዶ ቀጥቃጭ ቸኩሎ ይሁን ንቆ፣ ጫፉን ብቻ አሹሎ ግርጌውን እንዳለ ትቶታል። ሦስት ነጥብና አንድ ጭረት። "ኧረ ዝም በይ!" አለች አስካል፣ ዙሪያዋን እያየች። "እንዲህ ያለ ነገር ይወራል? ብረት ከብረት ይመሳሰላል እኮ።"

"ባሌ የመታው ጭረት ከምን ጋር ነው የሚመሳሰለው?" አለች ትርንጎ። ብረቱን በመቀነቷ አዙራ ታጠቀችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልፈታችውም።

ወጌሻው ሲወጣ በር ላይ ጠራትና፣ "ቁስሉን እኔ አስሬዋለሁ፤ ብርዱን ግን ማሰር አልችልም። ደም ፈሶታል፣ ራሱን ማሞቅ አይችልም። ሌት ተቀን እሳት ካላገኘ አይተርፍም" አላት። ሌት! ትርንጎ ልጇን ዞራ አየችው። ጥርሱ ይንገጫገጫል።

"እማዬ፣ እዚያም እንዲህ ነው የሚበርደው" አለ ይርዳው። "ግን እዚያ እንሯሯጣለን።"

ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ፍም ሄደች። ብረቷን ከቀሚሷ ሥር አስገብታ ነው፤ ከወገቧ ልትፈታው አልፈለገችም። አዛዥ ደምለው ከጥቁሩ ግድግዳ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሁለት ምድጃ ግራና ቀኛቸው ይነዳል። አጋፋሪው አጠገባቸው ቆሟል።

"ጌታዬ፣ ልጄ ቆስሎ ገብቷል። እሳት እንዳሳድር ይፈቀድልኝ" አለች።

አዛዡ ወደ አጋፋሪው ዞሩ። "ሕግ አለ?"

"አለ ጌታዬ። ታማሚው ራሱ በእግሩ መጥቶ ይጠይቅ ይላል።"

"ጭኑ ተወግቷል፣ እንዴት ይመጣል?" አለች ትርንጎ።

"መምጣት ከቻለማ ታሟል አይባልም፣ አይፈቀድለትም" አለ አጋፋሪው፣ ሕጉ እንዴት ጠንቃቃ እንደሆነ በማድነቅ።

አዛዡ ግን አዘኑላት። ክፉ ሰው አልነበሩም ትላለች ሸጊቱ፣ ሞቋቸው ነው እንጂ። "ሌላ ቀዳዳ ፈልግላት እስቲ ቢሻው።"

አጋፋሪው አሰበና ፊቱ በራ። "ለለቅሶ ቤት አለ! ሰው የሞተበት ቤት ሦስት ቀን እሳት ያሳድራል፤ ማዶዎችም ተስማምተውበታል።"

"ይኸው!" አሉ አዛዡ። "በይ ሂጂ እናቴ። ልጅሽ ሲሞት ነይ፤ እኔ ራሴ እፈቅድልሻለሁ።"

"እንዳይሞት ነው የጠየቅኩት ጌታዬ።"

"ለሱ ሕግ የለንም።"

ትርንጎ እጅ ነስታ ወጣች። አላለቀሰችም። መንገድ ላይ ያገኘቻት ሴት ብትጠይቃት "ፈቅደውልኛል፤ ከሞተ በኋላ" ብላት አለፈች።

ያን ዕለት መለከቱ ሲነፋ ትርንጎ ውሃ አነሳች። ደጅ ላይ እያየ ለሚያልፈው ተቆጣጣሪ ምድጃው ዳር ላይ ደፋችው፤ ቸስ አለ፣ ሰውየውም አለፈ። መሀል ያለውን ፍም ግን አልነካችውም። ልጅ ሆና አያቷ አንድ ነገር ስታደርግ አይታ ነበር፣ የሚያፍሩበት ነገር ስለሆነ አውርታው አታውቅም። አመድ አፍሳ በፍሙ ላይ ከመረች፣ በእጇ ደልደል አደረገችው። ዳፈነችው። ልጇን ከምድጃው ጎን አስተኛችው። ሲነጋ አመዱን ገለጥ ስታደርገው ፍሙ ቀይ ዓይኑን ከፍቶ ጠበቃት። ይርዳው ጥርሱ መንገጫገጩን ትቶ ተኝቷል።

በነጋታው ማዶ በር ዘጋ። ተሸካሚ አልመጣም፤ በአማች በኩልም አልመጣም። ሸፋፋው ሰውዬ ብቻ ባዶውን መጥቶ መልእክት አደረሰ፦ "ማጭድና ማረሻ በቃን። ጦራችሁን አምጡ፣ በሩን እንከፍታለን።"

ሸንጎው ቀን ሙሉ ሲመክር ዋለና ወሰነ። እንዲሰጥ። ከየቤቱ ያለ ብረት ሁሉ፣ ከወታደሩ እጅም ጦሩ። አንድ ሽማግሌ ወታደር "ጦራችንን ሰጥተን በምን ልንዋጋ ነው?" ብሎ ቢጠይቅ አዛዥ ደምለው "በሞቀ እጅ!" አሉት። ሹማምንቱ አጨበጨቡ። ሽማግሌው ሲያጨበጭቡ አየና እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ።

እሳት ከአገሩ በጠፋ በሁለተኛው ቀን ጠዋት አስካል ደጇን ከፍታ ወጣች። የሸጊቱ አያት ዓይኗ ሹል ነው፤ እንዲያውም በዓይኗ ነው ምላሷ የሚሳለው። አሻግራ ብታይ፣ የመንደሩ የሣር ክዳን ሁሉ አመዳይ ለብሶ ነጭ ነው። የትርንጎ ክዳን ብቻ ጥቁር ነው፤ ጠብ ጠብ ይላል።

ቆማ አየች። ባሏን ጉልላትን ጠራችው፣ እሱም አየ። "እኔ መለከት ነፍቼ እሳት ካደረ፣ እኔ ምን እሠራለሁ?" አለ ጉልላት። እውነቱን ነው፤ እንጀራው ነው። አስካል ደግሞ ምስጢር ይዛ ውላ የማታውቅ ሴት ናት፤ ሆዷን ያማታል። ፀሐይ ሳትሞቅ አጋፋሪ ቢሻው ሰማ።

ትርንጎ ከምድጃው ጎን ባዘቶ ይዛ ትፈትላለች፤ ይርዳው ትራስ ተደግፎ አጥሚት ይጠጣል። አጋፋሪው በሁለት ሰው ታጅቦ ገባ። አንዱ እንስራ ተሸክሟል።

"አንቺ ሴትዮ! እሳት አሳድረሻል?"

"አሳድሬያለሁ።"

ሰው ሲክድ እንጂ ሲያምን ምን እንደሚባል አጋፋሪው አልተማረም፤ ትንሽ ተደናገረ። ቀጥሎ "ድፋበት!" አለ። ትርንጎ እሳቱን ልታተርፍ የያዘችውን ባዘቶ ወደ ፍሙ ሰደደች፤ የጥጡ ጫፍ ተለብልቦ ጠቆረ፣ ውሃው ግን ቀደማት። ምድጃው ጮኸ። ቤቱ በአንድ ጊዜ ጨለም አለ፣ ብርዱም በር ላይ ሲጠብቅ እንደቆየ ሰው ገባ። የተለበለበውን ባዘቶ ብብቷ ውስጥ ሸጎጠችው፣ ለምን እንደሆነ ራሷም አታውቅም።

ወጌሻው ተጠርቶ መጣ፣ የይርዳውን እግር ዳሰሰ፣ ራሱን ነቀነቀ። "ዛሬ እሳት ካገኘ አገኘ። አለዚያ ነገን እንጃ" አለ። ትርንጎ በቤት ያለውን ልብስ ሁሉ በልጇ ላይ ከመረችና፣ "መጣሁ። ስመጣ ይዤ ነው የምመጣው" አለችው።

"ምን ይዘሽ?"

"እሳት።"

"ከየት እማዬ?"

"እሱን እዚያ ስደርስ አውቀዋለሁ" አለችና ለፍርድ ሊወስዳት ከቆመው አጋፋሪ ፊት ፊት ሄደች።

ቤተ ፍም ውስጥ ሰው ሞልቷል። ለሙቀት ነው የመጣው፣ ሙቀት ግን የለም፤ የአዛዡም ምድጃ ጠፍቷል። ሦስት ካባ ደርበው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ጉልላት መለከቱን ይዞ በር ላይ ቆሟል፣ አስካልም ከኋላው። ብረት ሁሉ ደጅ ላይ ተከምሯል፤ ድስትና ቢላዋ፣ የወታደሩ ጦር በላዩ።

"ትርንጎ!" አሉ አዛዡ። "የማዶን ፍም ከፀሐይ በኋላ አሳድረሻል። ስርቆት ነው። ማዶ ይህን ሰምቶ ነው በር የዘጋው። ይኸ ሁሉ ሕዝብ የሚንቀጠቀጠው ባንቺ ነው!"

ሰው ወደ እሷ ዞረ። ማጉረምረም ተሰማ።

"ጌታዬ፣ ማዶ የዘጋው ጦራችሁን አምጡ ብሎ ነው። እኔ ሳልሆን ሸፋፋው ሰውዬ ነው ያወራው፣ ሁላችንም ሰምተናል" አለች ትርንጎ። "ስርቆት ካሉኝ ግን እሺ። እነሱ የባሌን ማረሻ ወሰዱ፣ በልጄ ጭን ላይ መለሱልኝ። ይኸ ምን ይባላል?"

"ምን ትላለች?" አሉ አዛዡ።

ትርንጎ መቀነቷን ፈታች። የጦሩን ብረት አውጥታ ከፍ አድርጋ አሳየች። "ሦስት ነጥብና አንድ ጭረት። እዚህ ደጅ ላይ አጋፋሪ ቢሻው በጥፍሩ ጠቁሞ የተቀበለኝ ነው። ያወቀው ከሆነ ይናገር።"

አጋፋሪ ቢሻው ብረቱን አየ፣ አወቀውም፤ ፊቱ ላይ ታየ። ግን ሌላ ነገር ነው የጮኸው፦ "ብረት! ብረት ይዛ ቤተ ፍም ገባች!"

"ንጠቃት! ከክምሩ ላይ ጨምረው!" አሉ አዛዡ።

አጋፋሪው እጇን ያዘ። አልለቀቀችም። ጎተታት፣ ጎተተችው፣ ወደ ግድግዳው ተገፋች፤ ብረቱ በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ከላይ እስከ ታች ተንሸራተተና ጮኸ።

ብልጭ አለ።

ትንንሽ ፍንጣሪዎች ናቸው። እንደ ጤፍ ፍሬ፣ አምስት ወይ ስድስት። ወርደው ወለሉ ላይ ጠፉ። ግን ቤቱ ጨለም ያለ ስለሆነ፣ እሳት ካየ ሁለት ቀን የሆነው ሰው ሁሉ አየ። አጋፋሪውም አየ፤ እጇን ለቀቀ።

ትርንጎ ግድግዳውን አየችው። ብረቱን አየችው። ቀጥሎ እጇን ብብቷ ውስጥ ከተተችና ያንን የተለበለበ ባዘቶ አወጣች። ጫፉን ከድንጋዩ ሥር ያዘች። መታች። ብልጭ አለ፣ ጠፋ። መታች። ጣቷን መታች፣ ደማ፤ ደሙን በቀሚሷ ጠረገች። መታች። "ያዟት" አሉ አዛዡ፣ ግን ቀስ ብለው ነው ያሉት፣ እሳቸውም እያዩ ነዋ! በዘጠነኛው ይሁን በአሥረኛው፣ አስካል እንኳ መቁጠሩን ትታው ነበር፣ አንዷ ፍንጣሪ የጠቆረው ጥጥ ላይ አርፋ ቀረች። ትርንጎ አጎነበሰች፣ እፍ አለች። ቀይ ሆነ። እፍ አለች። ነደደ።

"አጥፉት!" አሉ አዛዥ ደምለው፣ ተነስተው። "የማን እሳት ነው ይኸ? ውሉ የታለ? ዕድሜው ስንት ነው?"

"የግድግዳዎ ነው ጌታዬ" አለች ትርንጎ። "ዕድሜውን አያትዎን ይጠይቁ።"

አንድ ሰው ሳቀ። ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ ግን ሳቀ።

ከወለሉ የተሰበረ ማሰሮ ገል አነሳች፣ ነጭ አፈር የተቀባ ነበር። ባዘቶውን በላዩ አኑራ፣ ከአዛዡ እግር ሥር ለብርድ ከተጎዘጎዘው ድርቆሽ ጨምራበት፣ በእጇ ከልላ ወደ በሩ ሄደች። ሰው መንገድ ለቀቀ፤ ልክ ለማዶ ማሰሮ እንደሚለቀው፣ ራሱን ገልጦ። አጋፋሪው ውሃ ያለበት እንስራ አንስቶ ቀድሟት በሩ ላይ ቆመ።

"ጉልላት! ንፋ! የማጥፊያውን ንፋ!" ብለው ጮኹ አዛዡ።

ቀትር ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ጉልላት መለከቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፤ ጉንጩን ሞላ። መለከቱ ቢነፋ አጋፋሪው ይደፋል፣ ሰውም ልማዱ ነው ዝም ይላል። ትርንጎም ያን አውቃ ቆመች። እንስራው ከገሉ በላይ ነው። ቤቷ ደግሞ ለልጇ የቀረው ጊዜ እያለቀ ነው።

ያን ጊዜ አስካል ከባሏ ኋላ ወጣች። ከክምሩ ሥር ገል ፈልጋ ይዛለች። በአጋፋሪውና በትርንጎ መሀል ገባችና፣ ጎረቤት ለጎረቤት በጠዋት እንደሚለው አድርጋ፣

"እህቴ ትርንጎ፣ እሳት ልጭር መጣሁ" አለች።

ትርንጎ አየቻት። አስካል ዓይኗን አልሰበረችም፤ ፊቷ ግን እንደ በርበሬ ቀልቷል። ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቃል፣ ማን እንደተናገረባት።

"ክዳኔን ያየሽው አንቺ ነሽ" አለች ትርንጎ።

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲህ የራስሽንም እይው" አለችና ከእሳቷ ቆርሳ ገሏ ላይ አኖረችላት።

ጉልላት ሚስቱን እሳት ይዛ አየ። የሞላውን ጉንጩን ቀስ አድርጎ አስተነፈሰ፣ መለከቱን አወረደ። ከኋላ ሌላ ሴት ገል አንስታ መጣች። ቀጥሎ ያ ሽማግሌ ወታደር፤ እሱ ግን እሳት አልጠየቀም፣ ከክምሩ ላይ ጦሩን ጎትቶ አወጣና ወደ ግድግዳው ሄደ።

ትርንጎ አልቆመችም። ልጇ ይጠብቃታል።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ይኸ ነው። ይርዳው ዳነ፤ ግራ እግሩ አጠረ፣ በዚያው እግሩ ያርሳል። ማዶዎች በሦስተኛው ወር በሩን ከፈቱት፣ የተሰለፈ ሰው አላገኙም። ጦርነቱ ግን ሁለት ክረምት ቆይቶ ነው የቆመ። ተራራቸው አሁንም ይነዳል። ሸፋፋው ተሸካሚ ማሰሮ ሻጭ ሆኖ ለሁለቱም አገር ይሸጣል። አጋፋሪ ቢሻው ጉጠቱን ለቀጥቃጭ ሰጠ፣ ማጭድ ሆነ። አዛዥ ደምለው አልተሻሩም፤ ሰው ግን በየቀኑ ከግድግዳው እየፈለጠ ሲወስድ ቤተ ፍም በሁለተኛው ክረምት ወደቀ። ያን ቀን ውስጥ አልነበሩም። ኋላ አዛዥ ባልጩት ተብለው ተሾሙ። ጉልላት መለከቱን ጓሮ ሰቀለው፣ ንብ ገባበት፤ ማሩን ሸጊቱ በልታለች። የጦሩ ብረት ድንጋይ ላይ ሲጫር ሲጫር አልቆ የጥፍር ያህል ቀረ።

ትርንጎ አርጅታ፣ ውርጭ በጣለበት ጠዋት ሞተች። ክዳኗ ላይ አመዳይ አልነበረም። አስካል ገል ይዛ ገባች፣ አመዱን ገለጥ አደረገች፣ እሳቱን ጭራ ወጣች።